«ላንግዊሽ»ን «ደከመ» ብላችሁ አትለፉት

ደብረ ብርሃን ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስጠና ዓመታት ሆኖኛል። በየዓመቱ አንድ ቃል ላይ እንቆማለን። «ላንግዊሽ» የሚባለው ግስ ነው። ተማሪው ስልኩን አውጥቶ ይፈልገዋል፤ «ደከመ፣ ተዳከመ» ይለዋል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል፤ አለቀ። ከዚያ ፓሴጅ ውስጥ አንድ እስረኛ አሥር ዓመት «ላንግዊሽ» እንዳደረገ ሲያነብ «እስረኛው አሥር ዓመት ደከመው» ብሎ ይተረጉምና እኔን ይጠይቀኛል፦ አሥር ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ነው የደከመው?

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ቃሉን በአንድ የአማርኛ ቃል ዘግተን ለመገላገል ስንቸኩል ነው። እንግሊዝኛው «ላንግዊሽ» ሲል ዓይኑን የሚጥለው በጊዜው ርዝመትና በአስታዋሽ ማጣቱ ላይ ነው። አማርኛችን ደግሞ በመጀመሪያ የሚያየው የደከመው ነገር ምን እንደሆነ ነው፤ ክንድ ይዝላል፣ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ሰውነት ይመነምናል፣ እስረኛ ይማቅቃል፣ ገበያ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቃሉ በመጣ ቁጥር ቆም ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። እዚህ የምጽፍላችሁ ከተማሪዎቼ ጋር የምሄድበትን መንገድ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ።

1. መጀመሪያ በአፋችሁ ያዙት

ሲጻፍ ኤል፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ዩ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኤች ነው። ሲነበብ «ላንግ» እና «ዊሽ» ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ ጫን የምትሉት የመጀመሪያውን ነው። ኃላፊ ጊዜ ሲሆን መጨረሻው ላይ ኢ እና ዲ ይጨመራል፤ ድምፁ ግን «ድ» ሳይሆን «ት» ነው፣ «ላንግዊሽት»። እሱ ወይም እሷ ስትሉ «ላንግዊሺዝ» ይሆናል። ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት። የማትጠሩትን ቃል አትጽፉትም፤ ይህን ከብዙ ልጆች አይቻለሁ።

ሥሩ ላቲን ነው። «ላንግዌሬ» ይባል ነበር፤ መዛልን፣ መድከምን ይገልጻል። ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ ገብቶ «ላንጊር» ሆነ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢሽ» ከዚያው ከፈረንሳይኛው የመጣች ናት። «ፊኒሽ»፣ «ፐኒሽ»፣ «ፔሪሽ»፣ «ነሪሽ»፣ «ፍለሪሽ» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ሁሉም በዚያው መንገድ የገቡ ወንድማማቾች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ «ፍለሪሽ»ን ለብቻው አስምሩበት። አበበ፣ ፋፋ፣ በለጸገ ማለት ነው፤ የ«ላንግዊሽ» ቀጥተኛ ተቃራኒ እሱ ነው።

2. ውርጭ ነው ወይስ ውሃ የተኛበት ማሳ?

ይህ እርምጃ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ማታ ለምለም ሆኖ ያመሸ ባቄላ ጠዋት ሲያዩት ፈልቶ እንደወጣ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል። ገበሬው የስንት ወር ልፋቱን በአንድ ሌሊት ያጣል። ይህ ጉዳት ነው፣ ከባድ ጉዳት፤ ግን «ላንግዊሽ» አይደለም። በድንገት ደረሰ፣ በአንዴ ጨረሰ።

አሁን ደግሞ ወደ እነዋሪና ጅሩ ውረዱ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበዛ ውሃው መግቢያ ያጣና ማሳው ላይ ይተኛል። ቦይ አውጥቶ ካላጠነፈፉት ሥሩ አየር ያጣል፤ ስንዴው አይሞትም፣ አያድግምም። ዛሬ ትንሽ ቢጫ ይሆናል፣ በሳምንቱ ትንሽ ይብሳል፣ ጎረቤቱ ማሳ ወገብ ሲደርስ እሱ ጉልበት ላይ ቀርቷል። ቀን ይቆጠራል፣ ውሃውም እዚያው ነው። «ላንግዊሽ» ይህ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ማሳ አይቶ ያለማመንታት ይህን ግስ ይጠቀማል።

ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስታገኙ ሁለት ነገር ጠይቁ። ጊዜ ወስዷል ወይ? የሚያነሳው፣ የሚያስታውሰው ወይም ካለበት የሚያወጣው አጥቷል ወይ? ሁለቱም «አዎ» ከሆኑ ቃሉ ቦታውን አግኝቷል። አንዱ ከጎደለ ሌላ ግስ ፈልጉ። ሮጦ የደከመ ልጅ፣ ዳገት ወጥታ ቁና ቁና የተነፈሰች ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የዋለ አጫጅ «ታየርድ» ናቸው እንጂ «ላንግዊሽ» አላደረጉም። አርፈው ይነሳሉ።

አንድ ተማሪ በዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። «የጅሩ ሰንጋስ? ወራት ታስሮ ነው የሚከርመው» አለኝ። ትክክል ነው፣ ታስሮ ነው የሚከርመው። ግን እየተቀለበ ነው፤ ሽንብራ ይቀርብለታል፣ ገፈራ የሚባለው መኖው ይሰጠዋል፣ ሰው ከአጠገቡ አይርቅም፣ ጀርባው እየሰፋ ይሄዳል። መታሰሩና ጊዜው ብቻ ቃሉን አያመጡትም። መጣል አለበት፣ መረሳት አለበት። ሰንጋው እንደውም የ«ፍለሪሽ» ምሳሌ ነው። ረግረግ ላይ ሲግጥ የጉበት ትል ይዞት መድኃኒት ሳያገኝ ከወር ወር እየከሳ፣ መንጋጋው ሥር እያበጠ የሚሄደው የመንዝ በግ ነው «ላንግዊሽ» የሚያደርገው።

ከታሪክም ላምጣ፤ ሁለቱም ምሳሌ ከአንድ አምባ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ በልጅነታቸው ተወሰዱ፤ መቅደላ ከርመው በ1865 አምልጠው ሸዋ ገቡ። አሥር ዓመት መሆኑ ነው። ግን እንደ መስፍን ልጅ ነው ያደጉት፤ ቴዎድሮስ ልጃቸውን እስከመዳር ደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ «ምኒልክ መቅደላ ላይ ላንግዊሽ አደረገ» ብሎ ቢጽፍ ቃሉን አላግባብ ተጠቅሟል እላለሁ። የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ውሰዱ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ1864 ታሰረ፣ በእግረ ሙቅ ተያዘ፣ አንድ ጊዜ ተፈትቶ እንደገና ታሰረ፣ ነጻ የወጣው በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ነው። ለእሱ ቃሉ ልክ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አያያዙ ነው።

3. ተሳቢ አትስጡት

«ላንግዊሽ» ራሱን ችሎ ይቆማል። ሰውየው «ላንግዊሽ» ያደርጋል እንጂ በሽታው ሰውየውን «ላንግዊሽ» አያደርገውም። እኛ አማርኛ ላይ ደከመ፣ አደከመ፣ አዳከመ እያልን በቀላሉ ስለምንለዋውጥ እንግሊዝኛውም እንደዚያ ይመስለናል። ተማሪዎቼ «ዘ ዲዚዝ ላንግዊሽት ሂም» ብለው ይጽፋሉ፤ ስህተት ነው። በሽታው አዳከመው ማለት ከፈለጋችሁ «ዊክን» የሚለው ግስ አለላችሁ፦ «ዘ ዲዚዝ ዊክንድ ሂም»። በ«ዎዝ ላንግዊሽት»ም አትጻፉት፤ ተገብሮ የለውም።

ማን እንደጣለው መናገር ከፈለጋችሁስ? እንግሊዝኛው መንገድ አለው። «ሌፍት ቱ ላንግዊሽ» ይላል። ጋዜጣ ላይ በጣም የምታገኙት አባባል ስለሆነ እንዳለ ሸምድዱት። ቃል በቃል «እንዲማቅቅ ተተወ» ነው፤ የኛ ሰው ግን እንዲህ አይናገርም። «አስታዋሽ አጥቶ ቀረ» ይላል። «ዞር ብሎ ያየው የለም» ይላል። በትርጉም ሥራ ላይ ያላችሁ ይህችን «አስታዋሽ አጥቶ» የምትል ሐረግ ውደዷት፤ ብዙ ቦታ ታወጣችኋለች።

4. ቀጥላ የምትመጣውን ትንሿን ቃል እዩ

ከግሱ በኋላ የምትመጣው መስተዋድድ ትርጉሙን ትመራችኋለች። «ኢን» ከመጣች እስር ቤት፣ ድህነት፣ ስደት ወይም መረሳት ውስጥ ነው። «አት» ከመጣች አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ ነው፤ ቡድን ሰንጠረዥ ግርጌ ላይ። «አንደር» ከመጣች ከላይ የሚጫን ነገር አለ፤ ሙቀት፣ አገዛዝ፣ ሸክም። «ፎር» ስትመጣ ናፍቆት ነው፤ ይህኛው አሁን ብዙም አይሠራበትም፣ በድሮ ግጥምና ልብ ወለድ ነው የምታገኙት።

5. አማርኛውን እንደ ባለቤቱ ምረጡ

እዚህ ትንሽ ሰፋ ላድርገው። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ሀብታም ነው፤ ያንን ሀብት «ደከመ» በሚል አንድ ቃል መሸፈን ያሳዝነኛል።

ባለቤቱ እስረኛ፣ ስደተኛ ወይም ድሃ ከሆነ «ማቀቀ» በሉ። «በእስር ቤት ማቀቀ»፣ «በድህነት ማቀቀ»፣ «በስደት ማቀቁ»። ከሁሉም ለ«ላንግዊሽ» የሚቀርበው ይህ ቃል ነው፤ ጊዜውም ሥቃዩም መረሳቱም አብረው አሉበት። መዝገበ ቃላት ላይ አንድ ቃል ብቻ እንድጽፍ ብገደድ «ማቀቀ»ን እጽፋለሁ።

የሰው አካል ሲሆን «መነመነ» ይሻላል። በሽተኛ አልጋ ይዞ ከቀን ቀን ሲያንስ «እየመነመነ ሄደ» እንላለን። ይኸው ቃል ለተስፋም ይሠራል፤ «ተስፋው መነመነ»። እጅና ጉልበት «ዛለ»፣ ዓይን «ደከመ» ወይም «ፈዘዘ»። «ሰለለ» የሚለውንም ታውቁታላችሁ፤ እሱ ግን ደርቆ አልታዘዝ ላለ እጅ ወይም እግር ስለሆነ ለዚህ ይከብዳል።

ሰብልና ተክል ሲሆን ተጠንቀቁ። «ጠወለገ» የሚለው ውሃ አጥቶ ቅጠሉ የተኛውን ነው፤ ውሃ ቢያገኝ ማታውኑ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ እንግሊዝኛው «ዊልት» የሚል ሌላ ግስ አለው። ማሳው ከርሞ ከርሞ አልበልጥ ያለ እንደሆነ «ጫጨ» በሉ። የእነዋሪው ስንዴ ጫጨ እንጂ አልጠወለገም።

ኳስ ከሆነ ስፖርት ጋዜጠኞቻችን ሥራውን ጨርሰውልናል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዘገባ ላይ አንድ ቡድን ለሳምንታት ከታች ሲቀመጥ በዚህ ግስ ይጻፋል። በአማርኛ «በሰንጠረዡ ግርጌ ይዳክራል» ነው የሚባለው። «ዳከረ» ግሩም ምርጫ ነው፤ ጭቃ ውስጥ የሚታገል እግር ይታያችኋል። እዚህ ላይ «ማቀቀ» ብትሉ ይከብዳል፣ «ደከመ» ብትሉ ተጫዋቾቹ ላብ በላብ ሆነው የተቀመጡ ይመስላል።

ንግድና ዋጋ ሲሆን «ተቀዛቀዘ»። አክሲዮን ወይም ሽያጭ ለወራት ከፍ አልል ሲል እንግሊዝኛው ይህን ግስ ያመጣል፤ እኛ «ገበያው ቀዝቅዟል» እንላለን። ማንም መርካቶም ሆነ ደብረ ሲና ቆሎ የሚሸጥ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ወረቀት፣ ማመልከቻ፣ ረቂቅ ሕግ፣ ፕሮጀክት ሲሆንስ? ይህኛው ከራሴ ቤት ስለሆነ ልንገራችሁ። እናቴ የመሬት ይዞታዋን ማረጋገጫ ለማግኘት አንድ ቢሮ ማመልከቻ አስገባች። ሰኞ ነይ፣ ሐሙስ ነይ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፋይሉ ሌላ ክፍል ሄዷል እየተባለች ከሁለት ዓመት በላይ ተመላለሰች። በብርዱ ሌሊት ተነስታ፣ በእግሯ ወጥታ፣ ወረፋ ይዛ። አንድ ቀን ሳብ ያለ መሳቢያ ውስጥ ማመልከቻው እንዳስገባችው ሲገኝ አጠገቧ ነበርኩ፤ ያን ቀን የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። «ሄር አፕሊኬሽን ላንግዊሽት ኢን ኤ ድሮወር» ማለት ይህ ነው። በአማርኛ «አቧራ ጠጥቶ ኖረ» ወይም «መሳቢያ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ» በሉት። ጉዳዩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገፋ ከሆነ ደግሞ «ሲንከባለል ኖረ» አለላችሁ። ወረቀት አይደክምም። ግን የሚያነሳው ሲያጣ የያዘው መብት ከቀን ቀን ይሳሳል፤ እንግሊዝኛው ግሱን ለወረቀት የሚያውለው ለዚህ ይመስለኛል።

ፍቅር ከሆነ «በናፍቆት ከሳ»፣ «በፍቅር ተንገበገበ»። በድሮ የእንግሊዝኛ ድርሰት «ላንግዊሺንግ ሉክ» ሲባል በናፍቆት ፈዞ የሚያይ ዓይን ነው።

6. አዲሱን ትርጉም ለይታችሁ ያዙ

«ላንግዊሺንግ» በስም መልክ ሲመጣ አሁን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ኮሪ ኪይስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 የአእምሮ ጤናን ከ«ላንግዊሺንግ» እስከ «ፍለሪሺንግ» እንደሚዘረጋ መስመር አድርጎ አቀረበው። በ2021፣ በኮሮና ጊዜ፣ አዳም ግራንት የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ስለዚሁ ሲጽፍ ቃሉ በሰው አፍ ገባ። ሰውየው ድብርት የያዘው በሽተኛ አይደለም፤ ሥራውን ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ግን ልቡ ቀዝቅዟል። ነገር ሁሉ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆኖበታል።

በአማርኛ «መፍዘዝ» ወይም «የልብ መቀዝቀዝ» ብዬ ነው የማስተምረው። «ድብርት» አትበሉት፤ ድብርት ሕክምና የሚሻ ሌላ ሕመም ነውና ሁለቱን መቀላቀል ሰው ይጎዳል። ይህን ሳስተምር ዩኒቨርሲቲ አልመጣላቸው ብሎ ዓመት ቤት የተቀመጡ ልጆች አንገታቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ። ከመካከላችሁ እንቅልፍም ምግብም እምቢ ያለው፣ መኖር ያስጠላው ካለ፣ ያ ቃል ከማጥናት በላይ ነው፤ ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

7. ጎረቤቶቹን አታምታቱ

«ዊክን» ሰፊው ቃል ነው። ተሳቢ ይወስዳል፣ ሳይወስድም ይቆማል፤ ፈጣንም ዘገምተኛም መድከም ይሸፍናል። ስትጠራጠሩ እሱን ተጠቀሙ፣ አትሳሳቱም። «ዌይን» የጨረቃ ነው፤ ሙሉ ከሆነች በኋላ እየጎደለች ስትሄድ፤ ከዚያም ለሥልጣን፣ ለተሰሚነት፣ ለፍላጎት ይውላል። «ፍላግ» ከ«ባንዲራ» ሌላ ግስም ነው፤ ጉልበት ወይም ትኩረት መሀል መንገድ ላይ ሲላላ። የጣርማበርን ዳገት በእግር የሚወጣ ሰው የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ የሚሆነው ነው። «ፌድ» ቀለም፣ ድምፅ፣ ትዝታ ሲደበዝዝ።

መልክ የሚያመሳስላቸውም አሉ። «አንግዊሽ» ከ«ላንግዊሽ» የሚለየው በአንዲት ኤል ብቻ ነው። ትርጉሙ ከባድ ጭንቀት፣ የልብ ሥቃይ ነው፤ ሥሩም ሌላ ነው፣ ጥበትን ከሚገልጽ የላቲን ቃል የመጣ። ልጇን ያጣች እናት ያለችበት «አንግዊሽ» ነው። «ላንግዌጅ»ም ዘመድ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ምላስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው የመጣው። «ላንግዊድ» ግን ዘመዱ ነው፤ ቅጽል ነው፣ ዝግ ያለ፣ የዛለ። ስሙ «ላንገር» ነው፤ ሲጻፍ ዩ አለበት፣ ሲነበብ ግን «ው» አይሰማም። እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ ክፉ አይደሉም፤ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ከምሳ በኋላ በሙቀቱ ጥላ ሥር የሚይዘው ደስ የሚል መፍዘዝም «ላንገር» ይባላል። ግሱ ግን ደስታ የለውም።

8. አሁን ሥሩት

መጀመሪያ ያነበባችሁትን አመሳክሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ ኢሳይያስ ምዕራፍ 24ን አውጡ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም ቁጥር 4 ላይ ስለ ዓለም፣ ቁጥር 7 ላይ ስለ ወይን ግንድ ይህንኑ ግስ ይጠቀማል፤ መጨረሻው በድሮው ሰዋስው ትንሽ ይለያል። አማርኛውን አጠገቡ አድርጉና ተርጓሚዎቹ የትኛውን ቃል እንደመረጡ በራሳችሁ እዩ። አንድ ምሽት ይበቃችኋል፤ ከአሥር ዝርዝር ሽምደዳ ይሻላል።

ቀጥሎ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ባለቤቶቹ የተለያዩ ይሁኑ፦ ሰው፣ ሰብል ወይም እንስሳ፣ ወረቀት፣ ቡድን፣ ገበያ። ከየራሳችሁ ቀዬ አምጡት፤ ለንደንና ኒውዮርክን ተዉአቸው። ከዚያ እያንዳንዱን በሁለቱ ጥያቄዎች ፈትኑ፣ ተሳቢ ሾልኮ ገብቶ እንደሆነ እዩ፣ በመጨረሻም «ደከመ»ን ሳትጠቀሙ ወደ አማርኛ መልሱት። አልመለስ ካለ እንግሊዝኛው ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

ከመንዝ የመጣች አንዲት ተማሪዬ መጀመሪያ ያመጣችው «ማይ ግራንድማዘር ላንግዊሽት የስተርዴይ» የሚል ነበር። አያቷ ገበያ ውለው ዳገቱን ሲወጡ ደክሟቸው ነው። ትናንት ደክሟቸው፣ ዛሬ ተነስተዋል፤ ስለዚህ አልሆነም፣ መለስኩላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ይዛ መጣች። አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባና ሱፍ ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው። «ሲንስ ሄር አይዝ ዊክንድ፣ ሄር ስፒንድል ሃዝ ላንግዊሽት ኦን ዘ ዎል» ብላ ጽፋለች። ሁለቱንም ግሶች በየቦታቸው አስቀምጣቸዋለች። አማርኛውን ሥሩ ጽፋ ነበር፤ ዓይን ላይ «ደከመ» ይፈቀዳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለዓይን ትክክለኛው እሱ ነው አልኳትና አረምኩላት፦ አያቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እንዝርታቸው ግድግዳ ላይ አስታዋሽ አጥቶ ቀርቷል።